ደረቁ ምድር ቤት

«ሴትዮዋ ጓሮዋን ወንፊት አድርጋዋለች። አንድ ቀን ሁላችንንም ከነአልጋችን ታሰምጠናለች፤ ምን አለች በሉኝ» አለች ወይዘሮ ሆኽላንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዳቦ ቤት ተሰልፋ። ሴትዮዋ የተባለችው ጎረቤታችን ሄስተር ኮይማን ናት። ከወይዘሮ ሆኽላንድ ሁለት ሰው ዝቅ ብሎ ደግሞ የሄስተር ታላቅ ወንድም ሌንደርት ግማሽ ዳቦ ሊገዛ ቆሟል። ሰማ። ሰምቶም የዋጋ ሰሌዳውን ማንበብ ጀመረ፤ ሙሉው ዳቦ ሦስት ዩሮ ከሃምሳ፣ ግማሹ አንድ ከዘጠና። ይህን ዋጋ ከሻጯ እኩል ያውቀዋል። እህቱ ስትታማ ዝም ያለ ወንድም በዓለም ላይ ሞልቷል፤ የሌንደርትን ለየት የሚያደርገው ሐሜቱ የራሱ ሥራ መሆኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በወይዘሮ ሆኽላንድ ልደት፣ እንደ ደንባችን ወንበሩን ክብ አድርገን፣ ኬካችንን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን ስንጫወት፣ «እህቴ ጓሮዋን ወንፊት አደረገችው፣ ውሃውን ሁሉ ወደ ቤታችን ልትነዳብን ነው» ያለው እሱ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቃሉ ከዚያ ሳሎን ወጥቶ፣ ሰፈሩን ዞሮ፣ በሁለት ዓመቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘው።

የገመድ ሠሪዎች መንገድ ላይ ዘጠኝ ቤቶች አለን፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ከጎኑ ያለው «ይማርህ» የሚልባቸው። በከተማችን በዶርድሬክት መሬት ማለት ጭቃ ስለሆነ፣ የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት የሠሩልን ሰዎች ቤቶቹን ያስቀመጧቸው ጭቃው ውስጥ በተቀበሩ የጥድ ግንዶች ላይ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ግድግዳው ይሰነጠቅ፣ በሩ አልዘጋ ይል ጀመር። አምስት ቁጥር የሚኖረው የባስቲያን ትንሽ ልጅ መኝታ ቤት በር ከነአካቴው አይገጥምም፤ ወንበር አስደግፈውላት ነው የምትተኛው። ቤቶቹ ከዚህ በላይ ከሰመጡ ውጡ መባላችን አይቀርም፣ ወዴት እንደምንወጣ ግን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጥፋተኛዋም በአጥር በኩል በግልጽ ትታየን ነበር። የዝናቡ ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ የጓሯችሁን ንጣፍ ድንጋይ አንሡ ተብሎ፣ ከተማችን ከሌሎች ከተሞች ጋር ውድድር በገባ ጊዜ (እኛ ድንጋይ በማንሣትም የምንወዳደር ሕዝብ ነን) ከዘጠኙ ቤት ቃሉን ሰምታ ያነሣችው ሄስተር ብቻ ናት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ፣ በስልሳ ስድስት ዓመቷ፣ በገዛ እጇ። ስንጥቁ የታየው በዚያው ዓመት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የዚያን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንገዳችን የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ ነበረው። አጀንዳ ቁጥር አራት፣ ሄስተር ጓሮዋን መልሳ ድንጋይ እንድታለብስ ሁላችን የምንፈርምበትን ደብዳቤ ማጽደቅ ነው። ደብዳቤውን ያረቀቀው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢው ሌንደርት ነው። አርባ ዓመት የፓምፕ ጣቢያ ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ ስለ ውሃ እሱ የተናገረውን እኛ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነበር የምንይዘው።

ዳቦውን አንጠልጥሎ ሲመለስ መሐንዲሷ ፌምከ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። ባለፈው ወር ከወይዘሮ ሆኽላንድ መስኮት ሥር ጀምራ በየቤቱ ጉድጓድ አስቆፍራ የግንዶቹን ራስ ስትመረምር የሰነበተች፣ ቦቲ ጫማዋ ከእግሯ የማይወልቅ ወጣት ናት። ውጤቱን ለሁላችን የምታነበው ከሰዓት ነው፤ ለሰብሳቢው አስቀድሞ መንገር ግን ደንብ ነው። ሌንደርት ወደ ኩሽና አስገብቶ ቡና ቀዳላት፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቶ አንድ አስወሰዳት፣ መልሶ ከደነው። በእኛ አገር እንግዳ የሚደርሰው አንድ ብስኩት ነው፤ ሁለተኛው ለዘመድ ነው፣ ያውም ለቅርብ ዘመድ።

«አቶ ኮይማን፣ የሚያስደስት ነገር ይዤ አልመጣሁም» አለችው። «የግንዶቹ ራስ በስብሷል።»

«ውሃው ነዋ» አለ ሌንደርት፤ መልሱን ካዘጋጀ ሁለት ዓመቱ ነው። «እኔ እኮ ተናግሬ ነበር። የእህቴ ጓሮ…»

«ውሃው አይደለም። የውሃው ማነስ ነው።»

ብስኩቷን ቡናዋ ውስጥ እየነከረች አስረዳችው። እንጨት ውሃ ውስጥ ሰምጦ እስከኖረ ድረስ አየር አያገኘውም፣ አየር ካላገኘው አይበሰብስም፤ መቶ ዓመትም ሁለት መቶ ዓመትም ይሸከማል። ራሱ ከውሃው በላይ የቀረ ዕለት ግን ሻጋታ ይጀምረዋል፣ ቀስ እያለ ይበላዋል። በመንገዱ ማዶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ደህና ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ቤቶች ሥር ብቻ ስልሳ ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል። ሌንደርት ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ ለስንት ሰፈር ራሱ እየዞረ አስረድቷል። ለሌላ ሰው ሰፈር ማስረዳት ደግሞ ምንጊዜም ቀላል ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በእኛ ደረሰ፤ በሦስት ወንዝ ተከበን፣ የባሕሩ ሙላት በቀን ሁለት ጊዜ ደጃችን ድረስ እየመጣ እየተመለሰ፣ ቤቶቻችን የሚሞቱት በውሃ ጥም ነው።

«ጤነኛ ግንድ ያገኘሁት በእህትዎ ጓሮ በኩል ብቻ ነው» አለች ፌምከ። «እዚያ የሚሰርገው ዝናብ ባይኖር ኖሮ ይሄ የተቀመጥንበት ኩሽና እስካሁን ቆሞ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ነገሩ ምን መሰለዎት፣ አንድ ሰው ከሥር ውሃ እየሳበ ነው። ከዘጠኙ ቤት ፓምፕ ያለው ሰው ያውቃሉ?»

ሌንደርት የብስኩቱን ቆርቆሮ እንደገና ከፈተና ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«እጠይቃለሁ» አለ።

ፌምከ ሁለተኛውን ብስኩት ትንሽ በጥርጣሬ አየችው። ወሰደችው ግን።

እሷ እንደወጣች ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። የሌንደርት ምድር ቤት በሰፈራችን ስም ያለው ነው። ሌሎቻችን ምድር ቤታችን ውስጥ የምናኖረው ድንችና ያረጀ ብስክሌት ነው፤ እሱ ግን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ጥሩ መብራት ሰቅሎ፣ ሰው የሚጋበዝበት ክፍል አድርጎታል። የሟች ሚስቱ የፊና የልብስ ስፌት መኪና እዚያ ነው። የጨርቅ ሣጥኖቿ እዚያ ናቸው። በመደርደሪያው ላይ በእጅ ጽሑፏ ዓመት የተለጠፈባቸው የማርማላታ ጠርሙሶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ጥግ ላይ፣ ከምንጣፉ ጫፍና ከአንድ የእንጨት ክዳን ሥር፣ ባልዲ የምታክል ጉድጓድ አለች፤ ጉድጓዷ ውስጥ ፓምፑ። ውሃው ከፍ ሲል ራሱ ይነሣል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ያጉረመርማል፣ የሳበውን ወደ ፍሳሽ ቱቦ ይለቅና ዝም ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። የገዛው ፊና ስትስል ነበር። እርጥበቱ ከሥር እየወጣ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል፣ ለሳንባዋ አይስማማትም ብሎ ሐኪሙ ሲናገር፣ ሌላው ባል አበባ ገዝቶ በሚገባበት ቀን ሌንደርት ፓምፕ ተሸክሞ ገባ። ሳሏም ቀነሰላት። ለሰው አላወራም፣ ምክንያቱም ያለ ፈቃድ ከመሬት ውሃ መሳብ እንደማይገባ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ፊና ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ፓምፑን የማጥፋት ሐሳብ አልፎ አልፎ ሊመጣበት ሲል ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ቧንቧ ያጠብቃል፣ ምንጣፍ ያራግፋል። ያን ጠዋት ቆሞ ሲያየው ፓምፑ ተነሣና ማጉረምረም ጀመረ። ሌንደርት በሕይወቱ እንደዚያን ጠዋት አፍሮ አያውቅም። ያፈረው ውሃ በመሳቡ አልነበረም፤ ለሚስቱ ያደረገው ነውና በዚያ አይጸጸትም። ያፈረው «ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብስኩት በማቅረቡ ነው። ይህን ሁሉ ኋላ ራሱ አጫውቶኛል፤ ብስኩቱን ሲናገር ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ወደ ጓሮ ሲወጣ ሄስተር ከአጥሩ ማዶ ተንበርክካ ታርማለች። ሁለቱ ቤቶች ድሮ የወላጆቻቸው አንድ ቤት ነበሩ፤ አባታቸው ሲሞት መሐሉን በጡብ ከፍለው ስድስት ቁጥርንና ሰባት ቁጥርን ተካፈሉ። አጥሩ እስከ ወገብ ነው። በዚህ በኩል የሌንደርት ግራጫ ንጣፍ፣ በየቅዳሜው በውሃና በመጥረጊያ የሚታጠብ፤ በዚያ በኩል ጭቃ፣ ቅጠል፣ ስማቸውን እሷ ብቻ የምታውቃቸው አበቦች፣ አንዲት እንቁራሪት የምትኖርባት የልብስ መዘፍዘፊያ የምታክል ኩሬ። ሄስተር አግብታ አታውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማሪ ስለነበረች፣ እሷ ዝም ስትል ሰው እጁን ማውጣት ያምረዋል።

«ውጤቱ መጣ?» አለች ቀና ሳትል።

«መጥቷል። ከሰዓት ይነበባል።»

«መጥፎ ነው?»

«ግንዶቹ በስብሰዋል።»

የነቀለችውን አረም ሥሩን አየችው፣ አፈሩን አራገፈችና ወደ ባልዲው ጣለችው። «እንግዲህ እናንተ እንዳላችሁት ከሆነ ድንጋዩን መልሼ አነጥፋለሁ» አለች። «ደብዳቤ ምን ያደርጋል፣ አፍ አላችሁ አይደል? የባስቲያን ልጅ በሯን በወንበር አስደግፋ የምትተኛው በእኔ ጓሮ ምክንያት ከሆነ፣ ከሰኞ ጀምሬ አነጥፋለሁ። አንተ ግን ታግዘኛለህ፤ ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም።»

«አግዝሻለሁ» አለ ሌንደርት።

ሊለው የሚገባው ሌላ ነበር፤ እሱን ትቶ ሰማዩን አየና «ዛሬ ይዘንባል» አለ። «ይዘንባል» አለች። ወንድምና እህት በስልሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለ አየሩ ሁኔታ የተነጋገሩት ቢሰበሰብ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል፤ ስለሌላው ነገር የተነጋገሩት ግን የፖስታ ካርድ ጀርባ ይበቃዋል። መጥረጊያውን አንሥቶ ንጹሑን ድንጋይ ጠረገ። እሷ አረሟን ቀጠለች። ለሩብ ሰዓት ያህል በአንድ ወገብ አጥር ተለያይተው፣ አንዱ ሲጠርግ አንዷ ስታርም ቆዩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳውን በላ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ነው፣ አንዱ በአይብ፣ አንዱ በቸኮሌት ፍርፋሪ፤ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ የአይቡን አስቀድሟል። እየበላ በአንድ የቆየ ሪፖርት ጀርባ ላይ ንግግር አረቀቀ። «በአንዳንድ ቤቶች አነስተኛ የውሃ መሳብ ሥራ ሲካሄድ መቆየቱ ተስተውሏል» ብሎ ጻፈና አነበበው። ማን እንደሳበ አይታወቅም፣ ማን እንዳስተዋለም አይታወቅም፤ ውሃው ራሱ ተነሥቶ ወደ ፍሳሽ ቱቦ የሄደ ይመስላል። አርባ ዓመት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሲናዘዝም እንዲህ ነው። ሰረዘው። «ምናልባት እኔም በበኩሌ» ብሎ ጀመረ፣ እሱንም ሰረዘው። በሦስተኛው «ፓምፕ አለኝ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው፤ የወረቀት ቆሻሻ ውስጥ፣ ከልጣጩ ጋር አልቀላቀለውም። ሰው በጭንቀቱ ጊዜም ቢሆን ሥርዓት መጠበቅ አለበት።

ለስብሰባው የሚሄደው በእግሩ ነው፤ አዳራሹ በድልድዩ ማዶ ነው። ዝናቡ እንደተባለው ጀምሮ ነበር። ሌንደርት መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያየው ሌላው ሰው የማያየውን ነው፤ የጣራው አሸንዳ ሁሉ ውሃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ይዘረግፈዋል፣ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ደጃፉ ድንጋይ ነው፣ ጓሮው ድንጋይ ነው። አንድ ጠብታ እንኳ መሬት የምትነካበት ቀዳዳ የለም። አያቱም አባቱም ውሃን በማስወጣት እንጀራ የበሉ ሰዎች ናቸው፤ እሱም ደረቅ እግር ግማሽ ጤና ነው እያለ ስንቱን መክሯል። አሁን በዚህ ዕድሜው ውሃ ማስገባት ሊማር ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ አሞኛል ብሎ ቢመለስስ ብሎ አሰበ። አጀንዳ አራት ያለ እሱ ይጸድቃል፣ እህቱ ሰኞ ድንጋዩን ታነጥፋለች፣ እሱ ያግዛታል፣ ያለችው ጤነኛ ግንድም ትደርቃለች። የሄደው ለዚህ ነው። ጀግና ስለሆነ አልነበረም፤ የሚመለስበት ቤት እንዲኖረው ነው።

ከየቤቱ አንድ አንድ ሁለት ሁለት ሰው ሆነን የድሮው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠናል። ወይዘሮ ሆኽላንድ የፊተኛውን ወንበር ይዛለች፣ ባስቲያን እርጥብ ፀጉሩን በመሐረቡ ያደርቃል፣ ፌምከ ካርታዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ሄስተር በሩ አጠገብ፣ የዝናብ ልብሷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ይህን ማንም አስቦበት አላደረገውም፤ እኔ ለምሳሌ ሌላ ቦታ የተቀመጥኩት ብርሃን ስለምወድ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

የእኛ ስብሰባ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አስተያየት ያለው ሰው አለ? ማንም አስተያየት ኖሮት አያውቅም። ሰብሳቢው ይጠይቃል፣ ሦስት እስኪቆጠር ይጠብቃል፣ «ጸድቋል» ይላል፣ እኛም ቡናው መቼ እንደሚመጣ ማሰብ እንጀምራለን። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ገጽ ሁለት ላይ «የግድግዳዎቹ መሰንጠቅ መንሥኤ የወይዘሪት ኮይማን ጓሮ መሆኑን አብላጫው ተሰብሳቢ ያምናል» ተብሎ ተጽፏል። «አስተያየት ያለው አለ?» አለ ሌንደርት። ሦስት ተቆጠረ። አምስትም ተቆጠረ። «ጸድቋል» አልመጣም። ቀና ብለን ስናይ ሰብሳቢው እጁን አውጥቷል። ራሱ ለጠየቀው ጥያቄ ራሱ እጁን አውጥቶ፣ ዕድል የሚሰጠው ሰው ይጠብቃል። እርስ በርስ ተያየን። በደንባችን ዕድል የሚሰጠው ሰብሳቢው ስለሆነ ማናችንም ምን እንደሚደረግ አላወቅንም።

«ተናገር» አለች ሄስተር ከበሩ አጠገብ፣ በአስተማሪ ድምፅ።

«ገጽ ሁለት ስህተት ነው» አለ። «መንሥኤው ጓሮው አይደለም። ጓሮው ነው ያቆመን። ምድር ቤቴ ውስጥ ፓምፕ አለኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከሥራችን ውሃ ስቤያለሁ። ግንዶቻችንን ያደረቅኋቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት መሐንዲሷ ጠይቃኝ አልተናገርኩም። ይመዝገብልኝ።»

ወይዘሮ ሆኽላንድ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ከዚያ ከእሷ ሰምተነው በማናውቀው ቀጭን ድምፅ «እኔም አለኝ» አለች። «ምን ያዩኛል፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ እግርሽን አድርቂ ያሉኝ? በማግስቱ ገዛሁ።» ባስቲያን እጁን አወጣ፤ ቤቱን ሲገዛ የድሮው ባለቤት ትቶለት የሄደው አንድ አለ፣ በየዓመቱ እያጸዳ ይጠቀምበታል። አንድ ቁጥር አወጣ። ሁለት ቁጥር አወጣ። ስምንትና ዘጠኝ ተያይተው አንድ ላይ አወጡ። አራት ቁጥር ብቻ ቀረ። አራት ቁጥር እኔ ነኝ። የእኔ ትንሽ ናት፣ ከፓምፕ የምትቆጠርም አይደለች፣ ግን እጄን አወጣሁ። ፌምከ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች፤ ስምንት ሆነ። ከዘጠኝ ቤት ስምንት ፓምፕ። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለን እያንዳንዳችን ደብቀን፣ ሁላችንም ከአንድ ጭቃ ስንስብ ኖረናል። ፓምፕ የሌላት ሄስተር ብቻ ናት፤ በዓመት ሦስት ወር ምድር ቤቷ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ይዛ፣ ድንቿን መደርደሪያ ላይ አውጥታ፣ ማንንም ሳታስቸግር ትኖር ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ባስቲያን ነው፣ ከዚያ ሁላችንም። ስምንት ሌባ አንድ ቀን አንድ ቦታ ሲያዝ ሳቅ እንጂ ሌላ ምን ይመጣል። ቡናው መጣ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት አለቀ፤ አጀንዳ አራት ተሰረዘ፣ ሁሉም ፓምፕ ያን ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኩል እንዲጠፋ፣ የጣራው ውሃ ከቱቦ ተነቅሎ ወደየጓሮው እንዲለቀቅ፣ ድንጋዩም እንዲነሣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፌምከ የበሰበሰው በስብሷል፣ አይመለስም፣ ውሃው ተመልሶ ከሸፈነው ግን የቀረው ግንድ ሃያ ሠላሳ ዓመት ይሸከማል አለች። ወይዘሮ ሆኽላንድ አሁን የሚነሣው ድንጋይ ለውድድሩ ይያዝልን እንደሆነ ጠየቀች። የሌንደርትን ጀርባ መታ መታ አድርገው «ወንድ ነህ» ያሉትም ነበሩ። እሱ ግን አልሳቀም። ድንጋይ የሚያህል ነገር ተሸክሞ መጥቶ ሰባት ሰው ሲያግዘው፣ ከሚገባው በላይ ቀሎበት ነበር። ከመካከላችን «ሄስተር፣ ይቅርታ» ያለ አልተገኘም። እኔም አላልኩም፤ እስክጨርስ ቡናዬ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው መሰለኝ። ወደ በሩ ዞር ስንል ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው መታረሙን ሰምታ ሄዳለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌንደርት ምድር ቤቱን ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን ሣጥን ይዞ ሲወጣ ሄስተርን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታ፣ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ደረጃው ላይ አገኛት። አለፈችውና ወረደች። ጠርሙሶቹን እሷ፣ ሣጥኖቹን እሱ፣ የስፌት መኪናውን ሁለት ሆነው አወጡ። መኪናውን ሳሎን ሲያስቀምጡት እጁን ከላዩ አላነሣም፤ እሷም እስኪያነሣ ጠበቀች። ምንጣፉን ሲጠቀልሉ ክዳኑን አንሥታ ፓምፑን ጎንበስ ብላ አየችው።

«እኔ እኮ ፍሪጅህ ያረጀ መስሎኝ ነበር» አለች። «በየገናው ፍሪጅ ቀይር የምልህ በዚህ ድምፅ ምክንያት ነው።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሌንደርት ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። ቦቲውን አድርጎ ከታችኛው ደረጃ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች፣ ሁለቱም ጉድጓዷን እያዩ ውሃውን ይጠብቁ ጀመር። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ወለሉ እንደ ሣህን ደረቅ ነው።

«አርባ ዓመት የውሃ ሰው ነበርክ» አለች። «መቼ ነው የሚመጣው?»

«ቀስ ይላል። በጭቃ ውስጥ ነው የሚመጣው።»

ላይ ቤት ሰዓቱ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ሄስተር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ የአረሙን ሥር ባየችበት ዓይን አየችው።

«ጓሮዬ ነው ብሎ መጀመሪያ ያወራው ማን ነው?»

ሌንደርት ማምለጥ ይችል ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ወሬው በዘጠኙም ቤት አልፏል፣ ማን እንደጀመረው ወይዘሮ ሆኽላንድ ራሷ ረስታዋለች። ስብሰባው ላይ ሁሉን ነገር ሲናገር ይህን አልተናገረም፤ ያልጠየቁትን ማን ይናገራል። ወለሉን አየ፣ ውሃ የለም።

«እኔ ነኝ» አለ። «በሆኽላንድ ልደት። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው ያወራሁት፣ ሳቁም። ኋላ ስንጥቁ ሲመጣና አንቺን አንቺን ሲሉ፣ እኔን እስካላሉ ድረስ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬም ጠዋት ዳቦ ቤት ሲያሙሽ ከኋላ ቆሜ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የልደቱን። በማግስቱ ዳቦ ቤት ነገሩኝ።»

ሌንደርት ዞሮ አያት። «ሁለት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አትጠይቂኝም?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ» አለች ሄስተር። «ቤቱ መስመጥ ሲጀምር ግን ሠጋሁ። ከአንተና ከውሃው ማን ይቀድም ይሆን እያልኩ ነበር የምጠብቀው።»

ውሃው የመጣው ሐሙስ ነው።